ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ በላስታ

ከላሊበላ ከተማ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ በሚንጠባጠበው ውኃ ይታወቃል። ጠብታው በአሮጌ የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይጠጡታል፣ ይረጩታል። ንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደነበረ ትውፊቱ ይናገራል። ስሙ እንደ ብዙዎቹ ነገሥታት ስም ከቅዱስ ወይም ከመጽሐፍ ሰው የተወሰደ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው። «አብን እናመሰግነዋለን» ማለት ነው።

ላስታ ዓረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች የነገሡባት አገር ናት። ከነአኩቶ ለአብ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ «ክርስቶስ ይምራን» ነው። በአንዳንድ የነገሥታት ዝርዝር ኋላ የሚመጣው ይትባረክ «ይባረክ» ነው። በ1270 መንግሥቱን ከዛጉዌዎች የወሰደው ይኩኖ አምላክ ደግሞ «አምላክ ይሁንለት» ይላል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነአኩቶ ለአብ የሚናገረው «እኛ» ብሎ ስለሆነ በ«ነ» ይጀምራል፤ ሌሎቹ «እርሱ» ስለሚሉ በ«ይ» ይጀምራሉ። ይህች የአንድ ፊደል ልዩነት እዚህ አገር ከሰዋስው መምህር በቀር ማንንም አታሳስብም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የላስታ ታሪክ አንሥቶ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የስም ማውጫ ለሚፈትሽ ሰው ግን ትልቅ ነገር ናት፤ አንዱ ንጉሥ መካከል ላይ ኤን ሥር ብቻውን ይቀራል፣ ዘመዶቹ ማውጫው ሊያልቅ ሲል ዋይ ሥር ተሰብስበው ይገኛሉ።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ አንባቢ በመግለጽ ቀዳሚው ነው። በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ፣ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ በዋሻ ውስጥ የሠሩትን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያንም ያነሣል። የንጉሡን ስም የጻፈው ግን «ኢምብራ» ብሎ ነው፤ ጆሮው «ይ»ን እንደ ተነባቢ አልሰማትም። በርሱ አጻጻፍ ንጉሡ ከፊደል ገበታው የመጀመሪያ እኩሌታ ውስጥ ይወድቃል። ጀርመኖች ደግሞ የ«ይ»ን ድምፅ በጄ ስለሚጽፉ በነርሱ የቆዩ መጻሕፍት ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ዋይ ሥር የረጋው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እየገነነ ከመጣ በኋላ ነው።

ከዋይ ቀጥሎ ያለው ዜድም ባዶ አይደለም። ግእዝ «የእገሌ» ለማለት «ዘ»ን ከስም ፊት ያስቀምጣል። ከ1603 እስከ 1604 የነገሡት ዐፄ ዘድንግል «የድንግል» ናቸው። ሥርወ መንግሥቱ ራሱ፣ ዛጉዌ፣ በብዙ ሊቃውንት አስተያየት «ዘአገው» ከሚለው የወጣ ነው፤ የአገው ማለት ነው። «ያመለጠ፣ የሸሸ» ከሚል ቃል ጋር የሚያያይዙትም አሉ። እንግዲህ በዚህ ላይ ሥራቸው ከ«ዘ» አያያዥ ያልሆነው ዘርዐ ያዕቆብና ዘውዲቱ፣ ዘመነ መሳፍንት፣ ዘጌ፣ ዝዋይ ይጨመራሉ። ዝቋላም አለ፤ አንዱ ከቢሾፍቱ ወዲያ ያለው ተራራ፣ ሌላው የላስታ ጎረቤት በሆነችው በዋግ ኽምራ የሚገኘው ወረዳ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ቪስባደን ላይ የታተመው ታላቁ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፔዲያ በ2003 በመጀመሪያው ጥራዝ ከኤ እስከ ሲ ሄደ። በ2014 የወጣው አምስተኛውና የመጨረሻው ጥራዝ ለዋይና ለዜድ የተተወ ነው፤ እርግጥ ማረሚያው፣ ካርታውና ማውጫውም እዚያው ገብተዋል።

ዛጉዌ የሚለው ስም በዘመኑ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ሲጠየቅ የሚጠቀሰው የክብረ ነገሥት መዝጊያ ነው። መጽሐፉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ግእዝ ያዘጋጀው የአክሱሙ ይስሐቅ ሥራው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሳይመለስ የቆየበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ በዛጉዌ ዘመን ስለወጣ ነው ይላል፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ሳይሆኑ የሚነግሡትን ሕግ ተላላፊ ያደርጋቸዋልና። ስሙን ለታሪክ ካስተላለፉት መካከል አሸናፊዎቹ ግንባር ቀደም ናቸው ማለት ነው። የዋግ ሹሞች ግን የዛጉዌ ዘር ነን ማለትን እንደ ኩራት ይዘውት ኖረዋል። ከነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከ1868 እስከ 1871 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል።

እንግሊዝኛ በራሱ ቃል ሲናገር ያ የፊደሉ መጨረሻ ጭር ያለ ሰፈር ነው። ምክንያቱ ከሮማውያን ይጀምራል። ዜድ በጥንቱ የላቲን ገበታ ሰባተኛ ነበረች፤ ሥራ ፈታች ተብላ ወጣችና ቦታዋን ጂ ወሰደችው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የግሪክ ቃላት ለመጻፍ ሲቸግራቸው ዜድን መልሰው አመጧት። ዋይንም ከግሪክ ተዋሱ፤ እስከዚያ ድረስ የመጨረሻዋ ከነበረችው ከኤክስ ኋላ ሁለቱንም ደረደሯቸው። በግእዙ ገበታ «ዘ» 17ኛ፣ «የ» 18ኛ ናቸው፤ መኻል አገር የሚኖሩ የተከበሩ ፊደላት። የኛ ፊደል የራሱን እንግዳ ያስቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ጳጳስና ጰራቅሊጦስ በ«ጰ» የገቡ የግሪክ ቃላት ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ፐ»ም ፖሊስ፣ ፖስታና ፓስታ እስኪመጡ ድረስ እምብዛም ሥራ አልነበራት።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ለንደን ላይ ያወጣው ታላቅ መዝገበ ቃላት ኤክስ ላይ ሲደርስ አንድም ቃል አልመዘገበም። በዚህ ፊደል የሚጀምር ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ እንደሌለ ገልጾ አለፈ። ዜድ ሥር ያገኘው ጥቂት ገጽ የማይሞላ ነበር፤ የዘጋውም የእንስሳትን አካል ቆራርጦ መመርመር በሚል የሐኪሞች ቃል ነው። ይኸው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1735፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም የተረጎመው የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ነበር። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን የአቢሲንያ ልዑል ታሪክ ጻፈ። አእምሮው በኢትዮጵያ ስሞች ተሞልቶ ሳለ መዝገበ ቃላቱ በጭር ሰፈር ማለቁ ትንሽ ያስገርማል።

ኢትዮጵያዊ ቃል ወደዚያ ሰፈር የገባው ጆንሰን ባላመነው ሰው በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወረደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ገባ። ጊዜው ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሥታትን የሚያነሡበትና የሚጥሉበት፣ ዘመነ መሳፍንት የሚከፈትበት ነበር። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየ። አገሩ ተመልሶ ወሬውን ሲያወራ ብዙ ሰው ሳቀበት፤ ጆንሰንም መጀመሪያ ሊያምነው ቃጥቶ ኋላ ሐሳቡን እንደለወጠ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦስዌል ይነግረናል። ብሩስ ላሊበላን አላያትም፤ ንጉሡ ዓባይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመመለስ ሞክሯል የሚለውን ትውፊት ግን መዝግቧል። አምስት ጥራዝ ያለው መጽሐፉ በ1790 ኤዲንብራ ላይ ሲወጣ፣ ስለ እንስሳትና ዕፀዋት በጻፈበት ክፍል ውስጥ አንዲት ዝንብ ትገኛለች።

ይህች ዝንብ በርሱ አገላለጽ ከንብ ጥቂት ትበልጣለች። ክረምት ሲገባ በጥቁር አፈር ቆላ ትፈላለች። ድምፅዋ ገና ሲሰማ ከብቱ መብላቱን ይተውና ሜዳ ለሜዳ ይበረግጋል፤ እስኪደክመው፣ እስኪርበው፣ እስኪሞት ይሮጣል። እረኛው ያለው አማራጭ መንጋውን ነድቶ አሸዋማ መሬት እስኪያገኝ መሰደድ ብቻ ነው፤ ዝንቢቱ አሸዋ ላይ አትከተልም። ዝሆንና አውራሪስ እንኳ በጭቃ ተንከባልለው ጭቃውን እንደ ጥሩር ይለብሱታል ይላል። ብሩስ ከዚህ ተነሥቶ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ላይ እግዚአብሔር ከግብፅ ወንዞች ዳርቻ የሚጠራት ዝንብ ይህችው ናት ብሎ አስረዳ። በግእዙ ትርጉም ስሟ «ጻልጻልያ» ነው፤ «ዚምብ» ግን የዐረቦች አጠራር ነው አለ።

በኋላ ቻምበርስ የተባለው የስኮትላንድ መዝገበ ቃላት ምንጩን አማርኛ ብሎ አረመ። ብሩስ ጆሮው አላታለለውም። አማርኛ «ዝንብ» ብሎ ይጽፋል፣ አፉ ግን ከ«ብ» በፊት ያለችውን «ን» «ም» ያደርጋታል፤ እንግሊዝኛው የያዘው የአፉን ነው። ችግሩ የመጣው በፍቺው ነው። በአሜሪካው ዌብስተር የ1913 እትም «ዚምብ» መርዘኛ፣ ከብት የምትፈጅ፣ የፄፄ ዘመድ የሆነች የአቢሲንያ ትልቅ ዝንብ ሆነች። ላሊበላ ገበያ የሥጋ ተራ ላይ የሚርመሰመሰው፣ የማር ቅል ላይ የሚያርፈው፣ የልጅ ዓይን የሚያስቸግረው ዝንብ ሁሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘንድ ወደዚህ አውሬ ተለውጦ ደረሰ። አገሬው ለትንሹም ለትልቁም የሚጠቀምበት ስም ለአንዲት ነፍሰ ገዳይ ብቻ ተሰጠ።

የብሩስ ዝንብ ራሷ ግን ተረት አልነበረችም። ፄፄ ኢትዮጵያ ውስጥ በዋናነት የምትኖረው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ነው፤ ብሩስ የተራመደበት ሰሜን ግን ሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች አሉት። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ፄፄ በሌለችበት አገርም ይገኛል፤ ከበሽታው ዓይነቶች አንዱን እነዚህ ዝንቦች ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በአፋቸው ደም ያሻግሩታል። ከብቱን ይዞ ከቆላ የሚሸሽ እረኛ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ላሊበላ ደግሞ ከዚህ ጣጣ የምትርቅ ደጋ ናት።

ከዝንቧ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሌላ የዜድ ቃል በኢትዮጵያ መጽሐፍ ውስጥ አልፎ ነበር። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ሜዳ አህያ ሲጽፍ «ዘኮራ» ይላታል። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ግእዝና አማርኛን ያስተማረው የወሎዋ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ሲሆኑ፣ ሮም ላይ በ1649 ተገናኝተው በ1652 ጎታ ድረስ ሄደውለታል። «ዘኮራ» በሕዝብ አፍ አልዘለቀችም፤ ያሸነፈችው «ዜብራ» ናት። ይሁንና ንጉሥ ምኒልክ በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንዲት የሜዳ አህያ ልከው ነበርና እስከ ዛሬ የሰሜን ኬንያና የኢትዮጵያዋ ዝርያ በፕሬዚዳንቱ ስም ትጠራለች። ላኪው አይጠቀሱም።

ዛር የሚለው ቃል ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለአገው ይቀርባል። ዛር ከሱዳን እስከ ካይሮ የታወቀ ነው፤ በአንትሮፖሎጂ መጻሕፍትም ሳይተረጎም እንዳለ ይጻፋል። ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የቃሉ ምንጭ የጥንት አገዎች የሰማይ አምላካቸውን ይጠሩበት የነበረው «ጃር» ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ክርስትና ሲመጣ አምላኩ ወደ መንፈስ ዝቅ አለ፣ ቃሉ ግን ቀጠለ ማለቱ ነው። ሐሳቡን የማይቀበሉ አሉ፤ ቢሆንም ዛጉዌና ዛር ከአንድ ሕዝብ ወጥተው በአንድ ፊደል ሥር ሊገናኙ መቻላቸውን ማለፍ ከባድ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የዛር ባለቤቶችን ለወራት ተከታትሎ በ1958 ያሳተመው ጥናት አሁንም ይነበባል።

የእንግሊዝኛ ሊቃውንት የገዛ ፊደላቸውን ጅራት በምን ይሞሉት ነበር? የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከኤክስ እስከ ዜድ ያለውን ክፍል በ1921 አሳተሙት፤ ሥራው በሙሉ ያለቀው ግን በ1928 ነው፤ ምክንያቱም ረጅሙ ደብልዩ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የዚያ ክፍል የመጨረሻ ቃል «ዚክስት» ስትሆን፣ በኬንት አውራጃ የቆየ ዘዬ «ታያለህ» ማለት ነበረች። በ2017 «ዚዚቫ» ገብታ የመጨረሻውን ወንበር ያዘች፤ በ1922 አንድ አሜሪካዊ የነፍሳት ሊቅ ለደቡብ አሜሪካ ነቀዝ ያወጣት ስም ናት። ከርሷ በፊት መጨረሻ ላይ የነበረችው «ዚተም» ስትሆን ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ የጥንት ግብፅ መጠጥ ስም ናት። ላስታ ውስጥ ገብስ አብቅሎ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ይህን ቢሰማ ስለ መጠጡ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እንግዲህ እነዚህ ቃላት ኑሯቸው ያለው በአብዛኛው በጨዋታ ውስጥ ነው። ስክራብል የተባለውን ጨዋታ በ1938 የፈጠረው አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ ፊደላት በጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ቆጥሮ፣ ብርቅ ለሆኑት ብዙ ነጥብ ሰጠ። ዜድ 10፣ ኤክስ 8፣ ዋይ 4 ናቸው። «ዚምብ» የእንግሊዝ ተጫዋቾች በሚጠቀሙበት የቃላት ዝርዝር ውስጥ አለች፤ 17 ነጥብ ታስገኛለች። ማንም ዝንብ ይህን ያህል ዋጋ አውጥታ አታውቅም።

ኤክስ ቀረች፤ ጆንሰን ቃል ያጣባት። በእንግሊዝኛ በርሷ የሚጀምሩት ቃላት ዛሬም ከግሪክ የመጡ የሳይንስ ቃላት ይበዙባቸዋል፤ እኛ ዘንድም በቀላሉ የሚታወቀው ኤክስሬይ ነው። የአፍሪካ ቀንድ ግን ሥራ ሰጥቷታል። የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ በ1972 ሲታወጅ የ«ሐ»ን ድምፅ ያዘች። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ የ«ጠ» ሆነች፤ ጤፍ ራሱ በኤክስ ይጀምራል። ሦስተኛው ሥራዋ የላስታና የዋግ አገዎች ቋንቋ ነው። የዋግ ኽምራ አገዎች ቋንቋቸውን ኽምጣና ይሉታል፤ መነሻው ጉሮሮን የሚፈትገው «ኽ» ነው። የአገው ቋንቋዎች አራት ናቸው ይባላል፤ ብሊን፣ አውኚ፣ ቅማንትነይና ይህ። በዛጉዌዎች አደባባይ ይነገር ለነበረው በቦታ የሚቀርበውም ይኸው ነው።

ኦስትሪያዊው ሌኦ ራይኒሽ በ1884 ስለዚሁ ቋንቋ መጽሐፍ ሲያወጣ ድምፁን በጀርመኖች ልማድ ጽፎ ሲ ሥር አስገባው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአበርገሌን ዘዬ ሲያጠና ኬ ሥር ጻፈው፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድም በ1987 የሰዋስው ጥናቱን ለንደን ላይ ሲያሳትም ኬን አልተወም። ከዚያ የቋንቋ ሊቃውንት ለጉሮሮ ድምፅ የሚጠቀሙባት ኤክስ እየበረታች ሄደች። የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ በሦስት ፊደል እንዲለዩ የሚያደርገው ዓለም አቀፍ መለያ በ2007 ሲጸድቅ ኽምጣና የተሰጠው ኤክስ፣ ኤ፣ ኤን ነው። ኮምፒውተሮች የዋግን ቋንቋ የሚያውቁት በዚህ ነው። ሰቆጣ ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች ግን ላቲኑን ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ትተው የቋንቋቸውን ስም በፊደል፣ በ«ኽ» ይጽፋሉ፤ «ኽ» ደግሞ በገበታው ላይ ከ«ከ» አጠገብ ናት።